በምንሽር ላደገ ሰው 16 ሰዓት ሥልጠና?

ሲልቨሯ፦ ትናንት ማታ በግሩፑ የድምፅ ውይይት ላይ የተባለውን የሰማ አለ? አንዱ ወንድማችን «ሜሪላንድ ሽጉጥ ለመታጠቅ 16 ሰዓት ተማሩ የምትለን ለብር ነው። እኛ በምንሽር ያደግን ሰዎች ነን፤ ማን ማንን ያስተምራል?» አለ። ሰውም አጨበጨበለት። እስካሁን ደሜ እንደፈላ ነው። ምንሽር ወገብ ላይ ይሻጣል እንዴ?

ዳሞት፦ ያልኩት እኔ ነኝ። ስሜን ብትጠሪ አልቀየምም። አሁንም እላለሁ። አባቴ ምንሽሩን ሲወለውል ዘይቱን የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ዛሬ አንድ ጎረምሳ «አፈሙዙን ወደ ሰው አታዙር» ሊለኝ ቅዳሜና እሁዴን ይወስዳል። ሁለት ቀን ለሹፌር ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ሸገር 22፦ እኔ ደግሞ በሽሮ ነው ያደግኩት። ሼፍ ልባል?

ዳሞት፦ ቀልድህን ለማታ አቆየው። ማመልከቻው ብቻ 125 ዶላር ነው። አሻራው ሌላ፣ ክላሱ ሌላ፣ ጥይቱ ሌላ። ፈቃዱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት። ከዚያ ለማደስ ደግሞ 8 ሰዓት ተማር ትባላለህ። ወደ ቨርጂኒያ የሚያሻግረውን ዊልሰን ድልድይን ተሻገር፤ እዚያ ጠቅላላ ክፍያው ከ50 ዶላር አያልፍም። ይህን ያህል ሰዓት ተማር የሚልህም የለም። የቨርጂኒያ ሰው ሲወለድ ነው የተማረው?

አሌክሳንድሪያ ማዶ፦ ድልድዩን ካነሳህ አይቀር ጨርሰው። የኛን የቨርጂኒያ ፈቃድ ይዘህ ወደናንተ ስትሻገር ተራ ወረቀት ነው። ሜሪላንድም ዲሲም አያውቁትም። ደግሞ እኛም ጋ ድሮ ቀረ። እስከ 2020 መጨረሻ ድረስ ኦንላይን ይበቃ ነበር፤ ከጃንዋሪ 2021 ወዲህ በአካል መማር ግዴታ ሆኗል። እኔ በድሮው ነው ያወጣሁት። ቪዲዮውን ወጥ እያማሰልኩ ጨረስኩት። ከዚያ አንድ ቀን ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ለባለቤቴ ላሳየው ብዬ ካርታውን፣ የጥይት መያዣውን፣ ነቀልኩ። «ይኸው ባዶ ነው» አልኩና ምላጩን ሳብኩ። አንዷ ጥይት ለካ ተጎርሳ ቀርታለች። ቀዳዳው ላይ ዛሬ የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅሏል።

ሲልቨሯ፦ ይኸው! እኔ ሌላ ምን አልኩ?

ዳሞት፦ እሷ ምንሽር ስላላየች ነው።

ሸገር 22፦ የምንሽር ካርታ እኮ አይነቀልም ወንድሜ። ስለዚህ አንተም አላየህም ማለት ነው። ሽጉጥና ምንሽር ዝምድናቸው ባሩድ ብቻ ነው።

ነጻው፦ ስለ ምንሽር ማውራት ትታችሁ ሕጉን እዩ። በጁን 2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ብሩን (Bruen) በተባለው ክስ ስቴቶች ለፈቃድ የተለየ ምክንያት እንዳይጠይቁ ወሰነ። ከዚያ በፊት ሜሪላንድ «በቂ ምክንያት አምጣ» ትል ነበር። ብዙ ጥሬ ገንዘብ የሚይዝ ነጋዴ ያገኛል፤ ተራው ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ያ በር ሲዘጋባቸው በመስኮት መጡ። ሥልጠና ማለት ያ መስኮት ነው።

ሲልቨሯ፦ መስኮቱ ከበሩ መዘጋት በፊት ነበር እኮ። 16 ሰዓቱ የመጣው በ2013ቱ ሕግ ነው። ያው የብሩን ፍርድም በግርጌ ማስታወሻው ላይ ኮርስ የሚጠይቁ ስቴቶችን አልነካም።

ነጻው፦ ማስታወሻውን ካነበብሽ እስከ መጨረሻው አንብቢዋ። ክፍያው በዝቶ ወይም ሂደቱ ተጓትቶ ሰው መብቱን ከተነፈገ መክሰስ ይቻላል ይላል። መብት ነው፤ መንጃ ፈቃድ አይደለም።

የማታ ካሸር፦ ሁላችሁም ቀን ነው የምትሠሩት መሰለኝ። እኔ ነዳጅ ማደያ ማታ ነው የምሠራው። ሁለት ጊዜ ሽጉጥ ደቅነውብኛል። ሁለተኛው ጓንት አድርጎ ነበር፤ ፊቱን ረስቼ ጓንቱ ላይ ያለው ቅባት ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ። ክላስ ልግባ ስል ቅዳሜ እሠራለሁ፣ እሁድም እሠራለሁ። ትምህርቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ዲሲ የመንጃ ፈቃድ ፈተና በአማርኛ ትሰጣለች። ሥልጠናውን አልጠላሁም። ግን ማነው የሚሠለጥነው? ጊዜ ያለው ነው።

ሲልቨሯ፦ እሱን አምናለሁ። እንግሊዝኛው ላይ አብሬሽ እጮሃለሁ። ሰዓቱን ግን አልቀንስም።

ዳላስ፦ እኛ ጋ ከሴፕቴምበር 2021 ወዲህ ፈቃድም አያስፈልግ። ወገብህ ላይ ሻጥ ማድረግ ብቻ ነው። ኑ ወደ ቴክሳስ!

ሸገር 22፦ ጁላይ ላይ አንተው ና። ኤሲህ ሲበላሽ እናወራለን።

ወታደሩ፦ ልጆች፣ አንድ ነገር ልናገር። ሁርሶ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ስንገባ መሣሪያ አልሰጡንም። እንጨት ተሸክመን ነው የተሰለፍነው። እዚህም ክላሱን ገብቼ አይቼዋለሁ። ተኩሱ ቀላል ነው። 25 ጥይት፣ የሩቁ ኢላማ 15 ያርድ፣ 70 በመቶ መምታት። አብዛኛው ጊዜ የሚሄደው ሌላው ላይ ነው። መቼ መተኮስ ያስከስሳል፣ የት ይዘህ አትገባም፣ ጠብ እንዴት ይበርዳል። ከ2023ቱ ሕግ ወዲህ ንዴትን መቆጣጠርም ተጨምሯል።

ሸገር 22፦ ለሐበሻ ንዴት መቆጣጠርን በ16 ሰዓት? ጋሼ፣ እሱ ዲግሪ ይፈልጋል።

ዳሞት፦ ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን 15 ያርድ ነው ሩቅ የሚሉት? እኛ ዝንጀሮ ከገደል ማዶ…

ሸገር 22፦ ዝንጀሮው ክስ አይመሠርትም።

ሲልቨሯ፦ ዳሞት፣ ሰርግ ላይ ወደ ሰማይ የሚተኩሱትም እኮ በምንሽር ያደጉ ናቸው።

ዳሞት፦ አሁን ደግሞ ባህሌን ሰደብሽ።

ሲልቨሯ፦ ባህል አልሰደብኩም። የተኮሱት ጥይት የት እንደሚወድቅ ነው የጠየቅኩህ።

ዳሞት፦ አንቺ ለነገሩ ሽጉጥ የመያዝ ሐሳብ አለሽ?

ሲልቨሯ፦ የለኝም። ከአንተ አጠገብ ወረፋ የመያዝ ሐሳብ ግን አለኝ፤ እንጀራ ቤት።

ነጻው፦ ይኸው ነው። የማይዙት ናቸው ለሚይዙት ሕግ የሚያወጡት።

የማታ ካሸር፦ ዳሞት፣ አንተ ኡበር አይደለህም እንዴ? ኡበር ለሹፌርም ለተሳፋሪም መሣሪያ ይከለክላል። ፈቃዱን አውጥተህ የት ልታደርገው ነው?

ዳሞት፦ እሱ የኔ ጉዳይ ነው።

ሸገር 22፦ ከዘይቱ ጋር ያስቀምጠዋል።

ዳላስ፦ ኤሲዬ አልተበላሸም።

ወታደሩ፦ አሌክሳንድሪያ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያቺ ጥይት በየት በኩል ወጣች?

አሌክሳንድሪያ ማዶ፦ በልጆቹ ክፍል በኩል ጋሼ። ትምህርት ቤት ነበሩ።

ዳሞት፦ እግዜር አተረፋቸው እህቴ። 125 ዶላሩ ግን በዝቷል።