ሐኪሞች ቲክቶክ ላይ ስለ በሽታ ማስተማራቸው ጠቀመን ወይስ ጎዳን?

የእማዬ ልጅ፦ ዛሬ ተናድጄ ነው የመጣሁት። እናቴ 64 ዓመቷ ነው፣ የደም ብዛት ኪኒን መውሰድ ከጀመረች ቆይታለች። ሰሞኑን አንድ ሐኪም ቲክቶክ ላይ «አምሎዲፒን የሚባለው የደም ብዛት ኪኒን እግር ሊያሳብጥ ይችላል» ሲል ሰማች። የእሷም እግር ማታ ማታ ያብጣል። «ለካ የሚጎዳኝ ይሄ ነው!» አለችና ለማናችንም ሳትነግር አቆመችው። ዛሬ ጠዋት ራሴን አመመኝ ስትል ብናስለካት 190 በ110። ሰውዬው አልዋሸም እኮ፣ እውነቱን ነው የተናገረው፤ ግን እናቴን አያውቃትም። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ለሕዝብ መለቀቅ የለበትም ባይ ነኝ። እስቲ ተከራከሩኝ።

ነርስ ነኝ፦ ክርክሩ ይቆየንና እናትሽን አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጃት። ደረቷን ካመማት፣ ፊቷ ከተጣመመ ወይም ንግግሯ ከተኮላተፈ ደግሞ ተራ አትጠብቁ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። የቀረውን ላካክስ ብላ ሁለት ሦስት ኪኒን ደርባ እንዳትውጥ፣ አደራ።

ባለ ባጃጁ፦ የቪዲዮው ጥፋት ምኑ ላይ ነው? ኪኒኑን ያዘዘላት ሰው «እግርሽ ካበጠ ነይ እንቀይርልሻለን፣ በራስሽ ግን እንዳታቆሚው» ብሏታል ወይ? እኔ ባለፈው ግማሽ ቀን ተሰልፌ ሦስት ደቂቃ ነው የታየሁት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፣ እየጻፈ ጠየቀኝ፣ ወረቀት ሰጠኝ፣ ወጣሁ። ምን እንዳመመኝ የነገረችኝ የፋርማሲዋ ልጅ ናት። ታዲያ ሰው ስልኩ ላይ ቢያፈጥ ይፈረድበታል?

ፋርማሲስቷ፦ ስሜ ተነሳ ልበል? እኔ በየቀኑ የማየውን ልንገራችሁ። ቪዲዮውን ያስቆሙና ስልኩን መስኮቱ ላይ ደቅነው «ይሄን ስጪኝ» ይላሉ። የጨጓራ ባክቴሪያ ሕክምና ብዙ ጊዜ ቢያንስ ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክና አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት አንድ ላይ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀን። እነሱ ግን ከቪዲዮው የያዙት አንዱን ስም ነው። እሱንም ቃጠሎው በሦስተኛው ቀን ቀለል ካለላቸው ይተዉታል። ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምደዋል፣ በሚቀጥለው አይሠራላቸውም። ስለዚህ ምልክቱን ያስተምሩ፣ የመድኃኒት ስም ግን አይጥሩ። አቋሜ ይሄ ነው።

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ እኔ ደግሞ ከቪዲዮ ነው የዳንኩት። «ደም ብዛት» የሚለው ስም ራሱ ሲያሳስተኝ ኖሯል። ደሜ በዝቷል ማለት ይመስለኝ ነበር፤ እንዲያውም አንዴ ደም ማነስ አለብዎት ስባል «እሰይ፣ ተቻቻሉ» ብዬ ኪኒኑን ተውኩት! አትሳቁ፣ የሠፈሬ ሰው ግማሹ እንዲሁ ነው የሚያስበው። ስኳርም እንደዚያው፣ ሻይ ያለ ስኳር ከጠጣን ያበቃ ይመስለናል፣ እንጀራው ግን አይቆጠርም። አንድ ወጣት ሐኪም በቴሌግራም ነገሩ የደሙ መጠን ሳይሆን የቧንቧው ግፊት መሆኑን፣ ደም ብዛትና ደም ማነስ አንድ ሰው ላይ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ፣ ደግሞም ግፊቱ ምንም ሳያሳምም ልብና ኩላሊት እንደሚጎዳ በውሃ መስመር አስመስሎ አስረዳኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ኪኒኑን የምውጠው ራሴን ሲያመኝ ብቻ ነበር። ይሄን ስንት ዓመት ስመላለስ የነገረኝ የለም።

ከሪያድ፦ ፋርማሲስቷ፣ «አይጥሩ» ማለት አገር ቤት ላለ ሰው ቀላል ነው። እኔ የምሠራው ሰው ቤት ነው። ጡቴ ላይ እብጠት ሲወጣ በዐረብኛ እንዴት ብዬ ላስረዳ? አንዲት ሐኪም በአማርኛ አብዛኛው እብጠት ካንሰር እንዳልሆነ፣ ግን ሁሉም መታየት እንዳለበት ስትናገር ሰምቼ ነው ደፍሬ ለማዳሜ ያሳየኋት። ታየሁ፣ ክፉ አይደለም አሉኝ፣ ተመስገን። ያቺን ልጅ ዝም ብታሰኟት እኔ ዛሬም ደብቄው ነበር።

ኢንተርን፦ ሁላችሁም ትክክል ናችሁ ብዬ አላመልጥም። ፋርማሲስቷ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ፣ አሞክሳሲሊን ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ቲክቶክ አይደለም። ደግሞ ትኩሳት በያዘው ቁጥር «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብኝ» የሚለውን ሰው እዩት። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ የሚያየው የሰውነትን መከላከያ እንጂ ባክቴሪያውን አይደለም፣ ከድሮ ሕመም የቀረም ሊያሳይ ይችላል። ይሄን በቪዲዮ ካልተናገርን የት እንናገረው? በሦስት ደቂቃው ውስጥ?

ባለ ባጃጁ፦ ጋውን ለብሶ «መድኃኒት ነው» እያለ ዱቄት የሚሸጠውስ? ሐኪም መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ኢንተርን፦ እሱ ላይ አልከራከርህም። መጨረሻ ላይ ስልክ ቁጥርና ዋጋ ከመጣ ትምህርት አይደለም።

የእማዬ ልጅ፦ ከሐኪም ቤት ነው የምጽፍላችሁ። ግፊቷ ወርዷል፣ ኪኒኗም በሌላ ተቀየረላት። ቪዲዮውን ለሐኪሙ አሳየሁት፣ እስከ መጨረሻው አየውና «መጨረሻው ላይ እኮ አታቁሙ፣ ሐኪማችሁን አማክሩ ይላል» አለኝ። እማዬ ለካ ግማሽ ላይ ነው ወደ ቀጣዩ ያለፈችው።