የታንኳ ጌሜ የመለማመጃ ሚሽን ማንንም አላስተማረም፤ የቱ ጋ ነው ስህተቱ?

ደንገል_ቆራጭ (ባሕር ዳር)

ሰላም ጌም ሠሪዎች። ለስልክ የሚሆን የታንኳ ጌም እየሠራሁ ነው። ተጫዋቹ ከዘጌ የማገዶ እንጨት ጭኖ በጣና ላይ ባሕር ዳር ያደርሳል። ማወቅ ያለበት አራት ነገር ነው፦ መቅዘፍ፣ ነፋስ ሲገፋ አቅጣጫ መጠበቅ፣ ታንኳዋ የተሠራችበት ደንገል ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ ዳር አውጥቶ ማድረቅ፣ ከጉማሬ መራቅ። የመጀመሪያው ሚሽን ይህን ሁሉ በ11 የጽሑፍ ሳጥን ያስረዳል። የሞከሩት ሰዎች ግን «ቀጥል» የሚለውን እየደበደቡ ያልፉትና ሁለተኛው ሚሽን ላይ ሐይቁ መሃል ይሰምጣሉ። ከዚያ «ጌምህ ተበላሽቷል» ይሉኛል። ጽሑፉን ላሳጥረው ወይስ በቪዲዮ ልቀይረው?

ሌቭል_አናጢ

ሁለቱም አያድኑህም። ስለ ደንገሉ መራስ በ20ኛው ሰከንድ ትነግረዋለህ፤ የሚያስፈልገው ግን ሚሽን ሁለት ላይ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ ነው። እስከዚያ ማን ያስታውሳል?

በ1985 የወጣውን የሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ የመጀመሪያ ሌቭል ልብ ብለህ እየው። አንድም የማብራሪያ ቃል የለውም። ማሪዮ ስክሪኑ ግራ በኩል ቆሟል፣ ቀኙ ባዶ ነው፤ ስለዚህ ወደ ቀኝ ትሄዳለህ። ማሪዮን የሚያሳድገው እንጉዳይ ከሳጥን ወጥቶ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል፣ ቱቦው ጋ ተላትሞ ወደ አንተ ይመለሳል። ጠላት መስሎህ ልትዘለው ብትሞክር እንኳ ከላይ ያሉት ጡቦች ያጋጩህና እላዩ ላይ ትወድቃለህ። ማሪዮ ሲያድግ ገባህ ማለት ነው። ፕላንትስ ቨርሰስ ዞምቢስ (2009) ደግሞ መጀመሪያ አንድ መስመር ሣርና አንድ ዓይነት ተክል ብቻ ይሰጥሃል፤ ቀጥሎ ሦስት መስመር፣ በኋላ አምስት።

ያንተን እንዲህ ሞክረው። ባዶ ታንኳ፣ ግራና ቀኙ በደንገል የታጠረ 40 ሜትር መተላለፊያ፣ መውጫው ፊት ለፊት ብቻ። ለ4 ሰከንድ ምንም ካልነካ መቅዘፊያው ላይ የጣት ምልክት ይምጣ፤ ቀድሞ ከቀዘፈ ጭራሽ አይታይ። ከዚያ አንድ መታጠፊያ። ቀጥሎ አንድ ጎኑ የተከፈተ ቦታና ነፋስ፤ ነፋሱ ታንኳዋ ጋ ከመድረሱ በፊት የደንገሉ ራስ ሲያጎነብስ ይታይ። ከተገፋም ደንገሉ ውስጥ ይሰካ እንጂ አይስመጥ፤ ቅጣቱ 2 ሰከንድ መዘግየት ይበቃዋል። እንጨቱን የምታስጭነው ይህን ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። የመራሱን ፍጥነት ለዚህ ሚሽን ብቻ ሦስት እጥፍ አድርገው፣ በ50 ሰከንድ ውስጥ ክብደቱ ይሰማዋል። ጉማሬውን ወደ ሦስተኛው ሚሽን አባረው።

ጣና_ኮድ

በሌላው ሁሉ እስማማለሁ፣ በሦስት እጥፉ ግን አይሆንም። ተጫዋቹ እጁ የለመደውን ጊዜ ይዞ ነው ወደ ሚሽን ሁለት የሚሄደው። በየ50 ሰከንዱ ዳር መውጣት ካስለመድከው እዚያም በየ50 ሰከንዱ ይወጣና «አሰልቺ» ብሎ ይዘጋዋል። ፍጥነቱን አትንካ፤ ታንኳዋ 60 በመቶ ርሳ ትጀምር። መንገዱ ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ፀሐይ የምትሞቅ ሌላ ታንኳ ዳር ላይ አስቀምጥለት። የእሱ እየሰጠመች ያቺ ደርቃ ሲያያት ይገባዋል።

የግድ ጽሑፍ ካስፈለገ የአማርኛን ጣጣ አስብበት። «ቅዘፍ» ካልክ ሴቶቹን ረሳሃቸው፣ «ቅዘፊ» ካልክ ወንዶቹን፤ «ይቅዘፉ» ደግሞ የባንክ ማስታወቂያ ይመስላል። መውጫው «እን» ነው፦ «እንቅዘፍ»፣ «ዳር እንውጣ»፣ «እናድርቃት»። ከተጫዋቹ ጋር ታንኳዋ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ «ልጄ፣ ዳር እንውጣ» ቢል ለሁሉም ይሆናል፤ ሦስት ቃል ስለሆነ እየቀዘፈም ያነበዋል። ጨዋታውን አቁሞ የሚመጣ ሳጥን ግን አንድም አይኑር።

የጌም መሥሪያህ ዩኒቲ ከሆነ፣ ጽሑፍ ከሚያሳየው ክፍሉ ከቴክስትሜሽ ፕሮ ጋር የሚመጣው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም፤ ባዶ አራት ማዕዘን ብቻ ታያለህ። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ፎንት አስገብተህ አትላሱን (ፊደሎቹ ሁሉ የሚሰፍሩበትን ምስል) ስታዘጋጅ ከ1200 እስከ 137F ያለውን የዩኒኮድ ክልል፣ ማለትም የግዕዝ ፊደል ቁጥሮችን ምረጥ። ፊደሉ ብዙ ስለሆነ አትላሱ ከጠበበ የተወሰኑት ሳይገቡ ይቀራሉ፤ 1024 በ1024 አድርገው።

ዝም_ብሎ_አይ

እህቴ ስለ 60 በመቶው ልክ ነሽ። እኔ ስለ ጉማሬው ልጨምር።

ጉማሬ የሚሸነፍ ጠላት ስላልሆነ ማስተማር ያለብህ ሽሽትን ነው። ዳርክ ሶልስ (2011) ላይ የመጀመሪያው ትልቅ ጭራቅ የሚመጣብህ እጅህ ላይ የተሰበረ ጎራዴ ብቻ ሳለ ነው፤ በጎን ግን ክፍት በር አለ። አንተም የመጀመሪያውን ጉማሬ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ አምጣው፤ እውነትም ጉማሬ የሚታይበት ቦታ ነው። ግን ዳሩ ቅርብ ይሁን። መጀመሪያ ጆሮና አፍንጫ፣ ከ3 ሰከንድ በኋላ የውኃው መናወጥ፣ ከዚያ ነው የሚነሳው። ከደረሰበት ግማሹ እንጨት ይውደቅ እንጂ ሚሽኑ አይቋረጥ። በድምፅ ብቻ ግን እንዳታስጠነቅቅ፤ ታክሲ ውስጥ ስልኩን ድምፅ አጥፍቶ የሚጫወተው ብዙ ነው።

በተቃራኒው በ1999 የወጣውን ድራይቨር አስብ። ታሪኩ ሳይጀምር ጋራዥ ውስጥ በ60 ሰከንድ የመኪና ትርኢቶችን ዝርዝር ካልጨረስክ አታልፍም። ያ ፈተና እንጂ ትምህርት አይደለም፣ እዚያው ላይ የተወው ብዙ ነው።

ስትሞክረው ጌሙን አይቶ ለማያውቅ ሰው ስልኩን ስጥና አፍህን ዝጋ። «እዚህ ጋ ንካ» ካልክ ያ ሙከራ ተበላሸ። የምትመዘግበው ሦስት ነገር ነው፦ እስከ መጀመሪያው ቀዘፋ ስንት ሰከንድ፣ ታንኳዋ የት የት ቆመች፣ የት ሰመጠ። ሦስት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ቦታውን አስተካክል፣ ጽሑፍ አትጨምር።

ደንገል_ቆራጭ

እግዜር ይስጥልኝ። 11ዱን ሳጥን አጥፍቼ ሦስት «እን» ብቻ አስቀርቻለሁ። «እለፈው» የሚለውን ቁልፍስ ላጥፋው?

ጣና_ኮድ

ተወው። ስልክ ቀይሮ እንደገና የሚጀምር ሰው አለ። ግን ጥግ ላይ ትንሽ አድርገው፣ ስሙንም «ዝለል» እንዳትለው፤ «አውቃለሁ» በለው።