ያገለገለ ኩለር አዲስ ፕሮሰሰር ላይ ለመግጠም የትኛው ፔስት ይሻላል? (ጥቆማ)

ጥያቄ፦ ከኤልጂኤ 1151 (የኢንቴል ፕሮሰሰር ሶኬት ዓይነት) ማዘርቦርድ የወረደ ማማ ኩለር (የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ) አለ። አራት ሂትፓይፕ (ሙቀት የሚወስድ ቱቦ) እና 120 ሚሊሜትር ፋን ያለው፣ ሂትፓይፖቹ ራሳቸው ፕሮሰሰሩን የሚነኩ ነው። አሁን ወደ ኤልጂኤ 1700 ሊዛወር ነው። ለፔስት (በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መካከል ለሚቀባው ቅባት) ኤምኤክስ-4፣ ኤንቲ-ኤች1፣ ክራዮናውትና ጂዲ900 ቀርበዋል፤ ሊኩዊድ ሜታል (ፈሳሽ ብረት) ይበልጣል ያለም አለ። የቱን ትመክራላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከፔስቱ በፊት የብራኬቱን (ኩለሩን ቦርዱ ላይ የሚይዘውን መግጠሚያ) ጉዳይ ጨርስ። በ1156፣ 1155፣ 1150፣ 1151 እና 1200 ሶኬቶች ላይ የኩለር ቀዳዳዎቹ ርቀት 75 ሚሊሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው 1700 ግን 78 ሚሊሜትር ሆኗል። በዚያ ላይ የ1700 ፕሮሰሰር ከቀድሞዎቹ ዝቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው። አንዳንድ የአሱስ ቦርዶች ሁለቱንም ዓይነት ቀዳዳ ይዘው ስለወጡ የድሮው ብራኬት ይገባል፤ መግባቱ ግን በቂ ጫና አለው ማለት አይደለም። ኩለሩ ላልቶ ከተቀመጠ የትኛውም ፔስት አያድነውም። ስለዚህ የኩለርህን ሞዴል ስም ይዘህ የ1700 መግጠሚያ ኪት ፈልግ። ኖክቱዋ የግዢ ማስረጃ ላቀረበ ሰው ለአብዛኞቹ የቆዩ ኩለሮቹ ኪቱን በነጻ ይሰጣል፤ ሌሎች አምራቾች ለብዙ ሞዴሎቻቸው ለብቻው ይሸጡታል። ኤልጂኤ 1851ም ርቀቱ ያው 78 ስለሆነ ኪቱ ለነገም ይሆናል።

ከኤኤም4 ወደ ኤኤም5 (የኤኤምዲ ሶኬቶች) ለምትሄዱ ደግሞ፦ ቀዳዳዎቹ አልተቀየሩም፤ የኤኤም5 የጀርባ ሳህን ግን የሶኬቱ አካል ስለሆነ አይወልቅም። የራሱን የጀርባ ሳህን ይዞ የሚመጣ ኩለር ያለ አዲስ ኪት አይገጥምም።

አሁን ወደ ፔስቱ። ሥራው በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚቀረውን ለዓይን የማይታይ ክፍተት ሞልቶ አየሩን ማስወጣት ነው። የአየር ሙቀት የማስተላለፍ አቅም በሜትር በኬልቪን 0.026 ዋት ገደማ ነው፤ ደህና ፔስት ከ4 በላይ ይደርሳል፤ መዳብ ወደ 400 ይጠጋል። ስለዚህ ፔስት ክፍተት ይሞላል እንጂ ብረትን አይተካም፤ ሽፋኑ በሳሳ ቁጥር ይሻላል። ካርቶን ላይ የሚታተመውን ቁጥር አምራቾች በየራሳቸው መንገድ ስለሚለኩት እሱን እያበላለጥክ አትግዛ። በደንብ በተገጠመ ማማ ኩለር ላይ በጥሩዎቹ ፔስቶች መካከል ያለው ልዩነት ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ዲግሪ አያልፍም።

ለዚህ ሥራ የምመክረው ኤምኤክስ-4ን ነው። ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይሰራጫል፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ አምራቹ አርክቲክም እስከ 8 ዓመት ይቆያል ይላል። ችግሩ የሐሰተኛ ቅጂው ብዛት ነው፤ የማረጋገጫ ኮዱን ሳትፈትሽ አትግዛ። ኤምኤክስ-6 ከሱ ወፈር ያለ ነው፤ ጥሩ ነው፣ ግን ለመሰራጨት በቂ ጫና ይፈልጋል። ኤንቲ-ኤች1 በጥራት ከኤምኤክስ-4 አይተናነስም፤ ኖክቱዋ ፕሮሰሰር ላይ እስከ 5 ዓመት ይሠራል ይላል። ሁለቱንም በአንድ ዋጋ ካገኘህ የትኛውንም ብታነሳ አትጸጸትም።

ክራዮናውት ሲቀባ ከሁሉም ቀዝቃዛው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከ80 ዲግሪ በላይ ለረጅም ሰዓት በሚሠራ ማሽን ላይ ቶሎ ይደርቃል። ፔስት በየጊዜው ለሚቀይርና ኦቨርክሎክ ለሚያደርግ (ፕሮሰሰሩን ከተመደበለት ፍጥነት በላይ ለሚያሠራ) ሰው እንጂ ቀብቶ ለሚረሳ ሰው አልመክረውም። ጂዲ900 ለቢሮ ሥራና ባለ 65 ዋት ፕሮሰሰር ይበቃል፤ ብዙ ኮምፒውተር ለሚጠግንም ሰው ያዋጣል። ኤችዋይ510 የተባለው ፔስት ላይ ግን የራሱ መለያ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙን 1.93 ነው የሚለው፤ ተወው። አደገኛው ደግሞ ስታርስ-922 የተባለው ነው። ቱቦው ፔስት ይመስላል፣ ግን ሙጫ ነው። ፕሮሰሰር ላይ ከደረቀ በኋላ ኩለሩን ሳይጎዱ መንቀል ከባድ ነው።

ሊኩዊድ ሜታልን እርሳው። ውስጡ ጋሊየም አለ፤ ጋሊየም አሉሚኒየምን ይበላል። ያንተ ኩለር ሂትፓይፖቹ መዳብ ቢሆኑም በመካከላቸው ያለው ብረት አሉሚኒየም ነው። ከዚህም ሌላ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ አንዲት ጠብታ ሶኬት ውስጥ ከገባች ቦርዱ ሊሄድ ይችላል።

ሌላ መልስ፦ በምርጫው እስማማለሁ። በአጠቃቀሙ ላይ ግን መጨመር ያለበት አለ፤ ብዙው ጥፋት የሚመጣው ሲነቀልና ሲጸዳ ነውና።

ኩለሩን ቀዝቃዛ እያለ አትንቀል። ኮምፒውተሩን 10 ደቂቃ ያህል ሥራ አስጭነህ አሙቀው፣ አጥፋው፣ ገመዱን ንቀል። ብሎኖቹን በሰያፍ፣ ከአንዱ ወደ ትይዩው እየተሻገርክ አላላ። ከዚያ ኩለሩን ወደ ላይ ሳትስብ ግራና ቀኝ ቀስ አድርገህ አዟዙረው፤ ፔስቱ ሲለቅ እጅህ ላይ ይታወቅሃል። ኤኤም4 ላይ ይህን ያልጠበቀ ሰው ፕሮሰሰሩን ከተቆለፈ ሶኬት ውስጥ ከኩለሩ ጋር መዞ ያወጣዋል፤ እግሮቹም ይጣመማሉ።

ከመጥረግህ በፊት የድሮውን ፔስት አሻራ አስተውለው፤ ብዙ ይናገራል። በመሃሉ ስስ ሆኖ ወደ ዳር እኩል የወጣ ከሆነ ኩለሩ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር። አንዱ ጥግ ወፍራም ከሆነ በዚያ በኩል ብሎኑ ላልቶ ነበር። የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለው መስመር ሲለያዩ የተፈጠረ ነው፤ አያስጨንቅህ። እንደ ኖራ ተፈርክሶ የሚረግፍ ከሆነ ደርቋል። የድሮ ፔስት ደህና ቢመስልም መልሰህ አትጠቀምበት፤ አንዴ ከተለያየ መሃሉ አየር ይገባል።

መጀመሪያ በደረቅ ሶፍት አብዛኛውን አንሳ። ቀጥሎ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ክር የማይተው ጨርቅ ላይ አድርገህ ከዳር ወደ መሃል ጥረግ፤ ጨርቁ ንጹህ ሆኖ እስኪወጣ ድገመው። 70 በመቶውም ይሠራል፣ ውሃ ስላለው ግን በደንብ ይድረቅ። በሂትፓይፖቹ መካከል ያለውን ቦይ በእንጨት ስንጥር አውጣው። ቢላና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይነካካው።

ፔስት ስትቀባ፣ ሂትፓይፖቹ በቀጥታ የሚነኩ ስለሆኑ መጀመሪያ ቦዮቹን በትንሽ ፔስት ሙላና ትርፉን በፕላስቲክ ካርድ አንሳ። ይህን ከዘለልክ ፕሮሰሰሩ ላይ ያደረግኸው ፔስት ቦዩ ውስጥ ይሰርግና ጥጎቹ ባዶ ይቀራሉ። ቀጥሎ ፕሮሰሰሩ መሃል 4 ሚሊሜትር የሆነች ጠብታ፣ በአራቱ ጥጎች አጠገብ ደግሞ 2 ሚሊሜትር የሆኑ አድርግ። የ1700 ፕሮሰሰር የብረት ክዳን ረዘም ያለ ስለሆነ በመሃል አንዲት ብቻ ጫፉን ላታዳርስ ትችላለች። ትንሽ ቢበዛ ወደ ዳር ይወጣል እንጂ ብዙ አይጎዳም፤ ካነሰ ግን ያልተሸፈነው ኮር ይግላል።

ኩለሩን ቀጥ አድርገህ አውርደው። ካስቀመጥክ በኋላ ካነሳኸው ጠርገህ እንደገና ቀባ። ብሎኖቹን በሰያፍ ሁለት ሁለት ዙር እያልክ እስኪቆሙ እሰር። የኢንቴል ባለ ፕላስቲክ እግር ኩለር ከሆነ አራቱን ራሶች ወደ መጀመሪያ ቦታቸው መልሰህ በሰያፍ ጥንድ ጥንድ ተጫን፣ ከዚያ ከቦርዱ ጀርባ አራቱም ነጭ ጫፎች መውጣታቸውን እይ።

ፋኑንም አትርሳ። በጣት ስትገፋው ካንገጫገጨ ወይም ቶሎ ከቆመ ቀይረው፤ 120 ሚሊሜትር መደበኛ መጠን ነው። አቧራውን በአየር ስታስወጣ ምላጮቹን በጣት ያዛቸው። የታጠፈ ወይም የተጨፈለቀ ሂትፓይፕ ካለ ግን ኩለሩን መተው ይሻላል፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ እንደ ቀድሞው አይዘዋወርም።

ጥያቄ፦ ላፕቶፕም አለ፤ ያንኑ ኤምኤክስ-4 ልቀባው?

መልስ፦ ይሠራል፣ ግን ቶሎ ይመለስብሃል። የላፕቶፕ ፕሮሰሰር የብረት ክዳን ስለሌለው ቺፑ ራሱ ነው ኩለሩን የሚነካው፤ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ፔስቱን እየገፋ ወደ ዳር ያወጣዋል። እዚያ ላይ የሃኒዌል ፒቲኤም7950 ይሻላል። በክፍል ሙቀት ጠጣር ሉህ ነው፣ በ45 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። ለጥቂት ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው፣ በቺፑ ልክ ቁረጠው፣ ሁለቱንም ፕላስቲክ ላጥ። ጥሩ ውጤት የሚያሳየው ጥቂት ጊዜ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ለዴስክቶፑ ደግሞ ከገጠምክ በኋላ ኤችዋይንፎን (ሙቀት የሚያሳይ ፕሮግራም) ከፍተህ ሲኔቤንችን (ፕሮሰሰሩን በሥራ የሚፈትን ፕሮግራም) 10 ደቂቃ አሂድ። የኢንቴሉ ፕሮሰሰር የሙቀት ጣሪያ 100 ዲግሪ ነው። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ 100 ከደረሰ ችግሩ መነካካቱ ላይ ነው፦ ያልተላጠ ፕላስቲክ፣ የላላ ብሎን፣ ያልተስማማ ብራኬት። በደቂቃዎች ውስጥ ቀስ እያለ ከወጣ ግን ፔስቱን ተወውና ፋኑን፣ የአየር አቅጣጫውንና ኬዙን ተመልከት።