«ያረጀ» ብቻ አይበቃም፦ የፊልም ልብስ የሚያረጅባቸው ቃላት

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖች። ስለ ታሪካዊና ምናባዊ ፊልሞች አልባሳት አንድ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አዲስ የተሰፋን ልብስ ተዋናዩ ሳይለብሰው በፊት ሆን ብሎ የማስረጀት ሥራ አለ፤ ባለሙያዎቹ «ብሬክዳውን» ይሉታል። «ማስረጀት» ብዬ ልለፈው? ደግሞ ከትንንሽ ቀለበቶች የተሠራውን የጦር ልብስ ምን እንበለው? «የብረት ሹራብ» የሚል አየሁ፤ ጭራሽ አልዋጥልሽ አለኝ።

መልስ፦
እህቴ፣ «ማስረጀት» ለሥራው የወል ስም ይሁን። ግን እዚያ ላይ አታቁሚ። ልብስ የሚያረጀው በአንድ መንገድ አይደለም፤ አማርኛም ለየመንገዱ ቃል አለው።

ከነጩ እንጀምር። ደማቅ ነጭ ካሜራ ፊት ያንጸባርቃል፤ ተመልካቹም ፊት ማየት ትቶ ሸሚዝ ያያል። ስለዚህ ነጩን ጨርቅ በሻይ ወይም በስስ ቀለም ይነክሩታል። ልብሱ አልቆሸሸም፤ ወየበ እንጂ። «አደፈ» ሌላ ነው። እድፍ ከለባሹ ገላ ይመጣል፤ አንገትጌ ላይ፣ እጅጌ ጫፍ ላይ፣ ብብት ሥር። ከመንገድ የመጣ ከሆነ ደግሞ ልብሱ አቧራ ለበሰ ወይም ጨቀየ ነው የምንለው። ዲዛይነሩም ቀለሙን ከመርጨቱ በፊት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ይህ ሰው ቆሻሻውን ከየት አመጣው?

ቀጥሎ ክርንና ጉልበት። እዚያ በብርጭቆ ወረቀትና በሽቦ ብሩሽ ይፈትጉታል። መጀመሪያ ጨርቁ ይሳሳል። ክሩ ሲታይ ነተበ። ከዚያ ይቀደዳል፣ ይጣፋል። ይህ ቅደም ተከተል ለሥራው ትልቅ ነገር ነው። ፊልም በታሪኩ ቅደም ተከተል አይቀረጽም፤ መጨረሻው ከመጀመሪያው ቀድሞ ሊቀረጽ ይችላል። ስለዚህ ያንኑ ካፖርት ደጋግመው ይሰፉታል፤ አንዱ አዲስ፣ አንዱ የሳሳ፣ አንዱ የነተበ። በትርጉምሽ ሁሉንም «አሮጌ ካፖርት» ካልሻቸው አንባቢው የትኛው የትኛው እንደሆነ አያውቅም።

እኔ በጣም የምወደው የኪሱን ሥራ ነው። ኪሱ ውስጥ ከባድ ነገር ይከታሉ፣ ጨርቁን ያርሱታል፣ ሰቅለው ያደርቁታል። ሲደርቅ ኪሱ ረግቦ ይቀራል፤ ለዓመታት እጅ የገባበት ይመስላል። «ረገበ» የሚለውን ቃል አደራ፣ አትዝለይው።

ሌላ መልስ፦
ለጦር ልብሱ ቃል አለን፤ «ጥሩር»። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ጎልያድ የለበሰው እሱን ነው፤ ከራስ ቁሩ ጋር ተጠቅሷል። የቀለበቱን ዓይነት ከሌላው መለየት ከፈለግሽ «የቀለበት ጥሩር» በይ።

«ብረት» የሚለውን ግን ሁልጊዜ አትጨምሪ። በኒውዚላንድ ለተቀረጹት ለ«ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ፊልሞች ብዙው ጥሩር የተሠራው ከፕላስቲክ ቱቦ ነው። ቱቦውን ቀለበት ቀለበት አድርገው ቆርጠው፣ በእጅ አንድ በአንድ አያይዘው፣ የብረት መልክ ቀቡት። ሙሉ ቀን ለብሶ ለሚሮጥ ተዋናይ ቅለቱ ቀላል ነገር አይደለም። «የብረት ሹራብ» እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ስህተት ነው፤ ብረትም አይደለም፣ ሹራብም አይደለም።

ከዚያው ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር ልጨምር። በ«ብላክ ፓንተር» (እ.ኤ.አ. 2018) ንግሥቲቱ ራሷ ላይ የደፋችው ነገር ቅርጹ የተወሰደው ያገቡ የዙሉ ሴቶች ከሚያደርጉት ባርኔጣ ነው፤ የተሠራው ግን በ3ዲ ማተሚያ ነው። የአልባሳት ዲዛይነሯ ሩት ካርተር በዚህ ፊልም ሥራዋ በ2019 ኦስካር አግኝታለች፤ በዘርፉ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ባለሙያ ናት። «ባርኔጣ» ብትዪው ንግሥናዋ ይጠፋል፤ «ዘውድ» ብትዪው ደግሞ የዙሉ ሴቶቹ ይጠፋሉ። እኔ ብሆን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ዘውድ» ብዬ፣ በሁለተኛው ቅርጹ ከየት እንደመጣ እናገራለሁ። አንድ ቃል ሁሉንም እንዲሸከም ማስገደድ ጥሩ አይደለም።

ጠያቂዋ፦
ተባረኩልኝ! እንዲህ አደረግኩት፦ «ሸሚዙ ወይቧል፤ ክርኑ ሳስቷል፤ ግን ገና አልነተበም።» አንድ ቀረኝ። ገበሬው የለበሰው ልብስ ብዙ ቦታ ተጥፏል። «ድሪቶ» ልበለው?

መልስ፦
ዓረፍተ ነገሩ ግሩም ነው፤ እንዳትነኪው። «ድሪቶ» ላይ ግን ተጠንቀቂ። ቃሉ ንቀት አለበት። ሥራ በግድየለሽነት ሲቀጣጠል «ደረተው» እንላለን፤ ጽሑፍን ሳይቀር። «ቡትቶ» ደግሞ ይብሳል፤ ሰውየውን ከነልብሱ ይጥለዋል። ዲዛይነሩ የጣፈውን ጨርቅ ቀለም መርጦ፣ ስፌቱን አስተካክሎ ከሆነ ሊነግረን የፈለገው ሌላ ነው፤ ይህን ልብስ አንድ ሰው ተጠንቅቆ ጠግኖታል። ስለዚህ «በጥንቃቄ የተጣፈ» በይው። ዳር ላይ ለቆመው ለማኝ ግን «ድሪቶ» ልኩ ነው፤ ለእሱ አቆዪው።