ክርክር፦ የማናውቀውን ሰው ፊት ካርታ ላይ መለጠፍ ይገባል ወይ?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። የዛሬውን ጥያቄ ያመጣው የቡድናችን አባል ነው። የማይተዋወቁ ሰዎችን በቪዲዮ በሚያገናኙ ድረ ገጾች ላይ የሚያገኛቸውን ሰዎች፣ ከየት እንደሆኑ እየለየ ካርታ ላይ ሊያስቀምጥ ነው። የመመረቂያ ሥራው ነው። ይገባል አይገባም? ተከራከሩ፤ ስድብ አይፈቀድም።

የጦሳ ልጅ፦ ሐሳቡ የኔ ፈጠራ አይደለም። ከእነዚህ ድረ ገጾች አንዱ የሆነውን ቻትሩሌትን እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ የከፈተው የ17 ዓመት የሞስኮ ልጅ ነው። ስም የሚጠይቅህ አልነበረም። ቁልፉን ስትጫን ከማታውቀው ሰው ጋር ፊት ለፊት ትገናኛለህ፤ ካልጣመህ ቀጣዩ ይመጣል። ሰው ሁሉ ማንም አያውቀኝም ብሎ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን የተጠቃሚዎቹ ምስል ከነአካባቢያቸው ጎግል ካርታ ላይ ተለጠፈ። ቪዲዮው ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው በቀጥታ ስለሚሄድ አንዱ የሌላውን አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ የሚለይበትን ቁጥር፣ ማየት ይችላል፤ አካባቢው የሚገመተው ከሱ ነው። ይህን ለሰው ስትነግረው አያምንህም። የራሱን ነጥብ ካርታ ላይ ሲያይ ግን ይደነግጣል፤ ይጠነቀቃል። የምፈልገውም ይህንኑ ነው።

ባቲ ሰኞ፦ እደግፋለሁ! ካሜራ ፊት ልብሱን እያወለቀ ሕፃናትን የሚያስደነግጥ ሞልቷል። ኦሜግል የሚባለው ተመሳሳይ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2023 የተዘጋው እኮ ሕፃናትን ለአጥቂዎች አጋልጧል ተብሎ ከተከሰሰ በኋላ ነው። ስም የለሽነት ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ጫካ ነው። ይውጣና ይታይ።

እትዬ፦ ልጆቼ፣ እኔ ስለ አድራሻው አላውቅም። ያየሁትን ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት የአንዲት ልጅ ምስል ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። ከማታውቀው ሰው ጋር ስታወራ የተነሳ ነው። ግማሽ ፊቷን በነጠላ ሸፍናለች። ስሟ የለም፣ ሰፈሯ አልተጻፈም። ግን ከኋላዋ ረከቦቱ ይታያል፤ ጆሮው የተሰበረ ጀበና ተቀምጦበታል። ያን ጀበና ስንት ቀን ቡና ጠጥቼበታለሁ! እኔ ካወቅኳት ሌላው አያውቃትም? በሁለት ቀን ሰፈሩ ሁሉ አወቃት። እናቷ ቡና መጥራት ተወች። ልጅቷ እኮ ምንም ነውር አልሠራችም፤ እየሳቀች ነበር። ደሴ ውስጥ ሰው የሚታወቀው በመጋረጃው ነው፤ ካርታ አያስፈልገውም።

የጦሳ ልጅ፦ እትዬ፣ እውነትዎን ነው። ስለ ፊት ብዙ አላሰብኩም ነበር።

ቦርከና፦ እኔ ኔትወርክ ላይ ነው የምሠራው። ባቲ ሰኞ፣ ንዴትህ ይገባኛል፤ ግን ነጥቡ አጥፊውን አያገኝልህም። አሁን ደሴ ቁጭ ብዬ የራሴን አድራሻ አየሁ፤ አዲስ አበባ ነህ አለኝ። በመኪና መንገድ ብትቆጥረው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳተ ማለት ነው። በሞባይል ኢንተርኔት ብዙ ሰው በአንድ የጋራ አድራሻ ነው የሚወጣው። ያን ሰዓት ማን እንደተጠቀመበት መለየት የሚችለው አገልግሎት ሰጪው ነው።

የባሰውን ልጨምር። ማክስማይንድ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ አድራሻን ከቦታ ጋር ያዛምዳል። አሜሪካ ውስጥ መሆኑን እንጂ ትክክለኛ ቦታውን ያላወቀለትን አድራሻ ሁሉ አሜሪካ መሃል ላይ አንድ ነጥብ ሰጠው። ነጥቡ ካንሳስ ውስጥ አንድ እርሻ ላይ አረፈ። ከ600 ሚሊዮን በላይ አድራሻ እዚያ ተከመረ። እርሻው ላይ ለሚኖሩት ዓመታት ሙሉ ፖሊስ መጣባቸው፣ ተሰረቅን የሚሉ ሰዎች መጡባቸው። ምንም የማያውቁ ሰዎች ናቸው! እ.ኤ.አ. በ2016 ጉዳዩ ሲወጣ ኩባንያው ነጥቡን ወደ ውሃ መሃል አዛወረው። አሁን ያንተ ነጥብ ፒያሳ አንድ ሱቅ ላይ አርፎ፣ አጠገቡ የባለጌ ምስል ቢለጠፍስ? ባለሱቁን ማን ያድነዋል?

ባቲ ሰኞ፦ ታዲያ ባለጌው እንደፈለገ ይሁን?

ቦርከና፦ አይሁን። ቀኑንና ሰዓቱን መዝግበህ ለፖሊስ አመልክት። ሕዝብ ፊት ነጥብ መለጠፍ ግን ፍርድ ነው፤ ያውም ያልተጣራ ፍርድ።

ሐይቅ ዳር፦ ከሕግ አንጻር አጭር ነገር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወት መብትን ያስከብራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። «ራሱ ካሜራ ፊት ቀርቧል» ብቻውን ፈቃድ አይሆንም። ለአንድ ሰው መታየትና ለዓለም መለጠፍ አንድ አይደለም።

የጦሳ ልጅ፦ እሺ፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ድረ ገጹን የከፈተ ሰው የራሱን ነጥብ ብቻ፣ ለራሱ ብቻ ያያል። ምስል አይኖርም፤ ምንም አላስቀምጥም። ከጎኑ ደግሞ ነጥቡ ምን ያህል ሊስት እንደሚችል እጽፋለሁ።

ቦርከና፦ ይሄ ይደገፋል። በርታ!

እትዬ፦ እስካሁን ያነሳሃቸው ምስሎችስ፣ ልጄ?

የጦሳ ልጅ፦ ለሙከራ ያነሳኋቸው 40 ገደማ አሉ። ላፕቶፔ ላይ ናቸው። ነገ እሰርዛቸዋለሁ።

እትዬ፦ ለምን ነገ? አሁን ሰርዝና ንገረን።

የጦሳ ልጅ፦ ሰረዝኩ፣ እትዬ። ፍላሽ ላይም ነበሩ፤ እሱንም አጠፋሁት።