የሰው ቤት ጠብ በቴሌቪዥን ሲታይ ለምን እንዲህ ይስበናል?

ጠያቂ (ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ)፦
እሑድ ከሰዓት በኋላ በሰፈራችን ቡና ሲፈላ፣ ባልና ሚስት ወይም አባትና ልጅ እየተካሰሱ የሚያለቅሱበት ዝግጅት ከተከፈተ አቦሉ ተቀድቶ እስኪቀዘቅዝ ድረስ የሚናገር ሰው አይገኝም። እነዚሁ ጎረቤቶቼ ግን የራሳቸው ልጅ ከባሏ የተጣላች እንደሆነ በር ዘግተው፣ ሽማግሌ ጠርተው፣ ወሬው ከግቢ እንዳይወጣ አጥብቀው የሚጠነቀቁ ናቸው። የራሱን ገመና እንዲህ የሚሸፍን ሰው የሌላውን በዚህ ጉጉት የሚመለከተው ለምን ይመስላችኋል? ጭካኔ ነው እንዳልል ብዙዎቹ አብረው ያለቅሳሉ።

የጣና ዳር አንባቢ፦
ጉጉቱ የእኛ ብቻ አይደለም፤ አዲስም አይደለም። ፒቢኤስ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1973 «አን አሜሪካን ፋሚሊ» በሚል ርእስ በ12 ክፍል ያሳየው በካሊፎርኒያ የሚኖረውን የላውድ ቤተሰብ ሕይወት ሲሆን፣ የባልና ሚስቱ መለያየት ሳይቀር በካሜራ ፊት ሆኗል። የተቀረጸው 300 ሰዓት ያህል ነበር፤ ቤተሰቡም በኋላ ቅንብሩ መጥፎ ጎናችንን መርጦ አሳየብን ብሎ አማረረ። ተኳርፎ አብሮ መብላቱ፣ ልጅ ማስጠናቱ፣ ሳይነጋገሩ ማደሩ ተቆርጦ ሲወድቅ የሚተርፈው የጠቡ ጫፍ ብቻ ነው። በየቤታችን ዓመታት የሚፈጅ ክርክር እዚያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጥፋተኛውና ተበዳዩ ተለይቶ ያልቃል፤ የሚስበንም ይህ ይመስለኛል።

ጡረተኛ መምህር፦
እኔን የሚያሳስበኝ መመለሻው ነው። ሽማግሌ ሁለቱን ለየብቻ የሚያነጋግረው በንዴት የተነገረ ክፉ ቃል እዚያው እንዲቀርና ተጣይዎቹ ሳይተፋፈሩ ወደ ቤታቸው እንዲገቡ ነው። በዩቲዩብ የተለቀቀን ቃል ግን ማን ይውጠዋል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ አዋቂ በፈቃዱ ይተወው ይሆናል፣ በማግሥቱ ትምህርት ቤት የሚሄደውን ልጁን ግን ማን ጠየቀው?

እናት ነኝ፦
መምህር፣ በአክብሮት እለያለሁ፤ የሚዘጋው በር ሁሉ ለእርቅ አይዘጋም። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ 18 ቢያደርገውም፣ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ያለ ፈቃዷ ተድራ፣ ተደብድባ ወላጆቿ ጋ ስትሸሽ «ቻይው» ተብላ በሽማግሌ የተመለሰችው ሴት ብዙ ናት። እንዲህ ያለችው ሴት በደሏ በሌላ ሴት አንደበት ጮክ ተብሎ ሲነገር ብትሰማ ዓይኗን ባትነቅል አይፈረድባትም። እኔ የማልወደው አቅራቢውን ነው፤ ሙዚቃ አስከፍቶ «በቃ፣ ይቅር በይው» ሲል ያንኑ «ቻይው» በሕዝብ ፊት መድገሙ ነው።

ጠያቂ፦
እናታችን ያነሡት ሐሳብ ልብ ሳልለው የቆየሁትን ነገር አሳየኝ። ዝግጅቱ አልቆ ቶናው ሲቀዳ ጨዋታው ስለዚያች ሴት ይጀመራል፤ «እሷ እኮ ቀድማ መውጣት ነበረባት» የምትለው ጎረቤቴ ግን ስለ ማን እንደምትናገር በዚያ ቡና ላይ የማያውቅ የለም፣ የሚጠይቃትም የለም። የሰው ገመና ለራሳቸው መሸፈኛ ሆኗቸው እንዲያወሩ እየረዳቸው ከሆነ ዝግጅቱን በጅምላ ማውገዝ ይከብደኛል። የመምህር ጥያቄ ግን አልተመለሰም፤ ለእነርሱ መተንፈሻ የሆነው የአንድ ሕፃን ቤተሰብ ስም ነው። ፊትና ስም ተሸፍኖ ቢቀርብስ ይህን ያህል ተመልካች ያገኝ ነበር ትላላችሁ?