የካርቡሬተር መኪና ሚኒሞ አልስተካከል አለኝ

ባለአሮጌዋ፦
ሰላም ወገን። ባለ 4 ሲሊንደር አሮጌ የካርቡሬተር መኪና አለችኝ። ሰሞኑን መብራት ላይ ቆሜ እግሬን ከነዳጅ ሳነሳ ቀጥ ትላለች። የሚኒሞዋን (እግር ከነዳጅ ሲነሳ ሞተሩ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ፍጥነት) ብሎን በካቻቢቴ ጠበቅ አደረግኩላት። አሁን አትጠፋም፣ ግን በደቂቃ 1400 ዙር ላይ ሆና ትጮኻለች፣ ይባስ ብሎ ቁልፉን ካጠፋሁ በኋላ እንኳ ለጥቂት ሰከንድ እየተንገጫገጨች ትሠራለች። ላላ ሳደርገው ደግሞ ጥፍት። መሃሉን ማግኘት አቃተኝ።

ካቻቢቴ፦
ቁልፍ አጥፍተህ የምትሠራው ሚኒሞው ስለበዛ ነው። ያጠበቅከው ብሎን በሽታውን ሸፈነልህ እንጂ አላዳነውም። ለመሆኑ ሞተሩ ሞቆ ነው የነካካኸው? ቾኩ (ለቀዝቃዛ ሞተር ማስነሻ አየር የሚቀንሰው) ሳይመለስ ከሆነ ልፋትህ ከንቱ ነው።

ባለአሮጌዋ፦
ሞቆ ነው፣ 15 ደቂቃ ያህል ነድቻት።

ጋሽ ፑንቲና፦
ልጄ፣ ካርቡሬተር መጨረሻ ላይ ነው የሚነካው። ካንዴላው፣ የፑንቲናው (ለካንዴላው እሳት ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው) ክፍተት፣ ታይሚንጉ (እሳቱ የሚነሳበት ጊዜ) ይቅደሙ። ከዚያ ብሎኖቹ ሁለት መሆናቸውን እወቅ። አንተ ያዞርከው ፔዳሉ የሚከፍተውን ክዳን ገፍቶ የሚይዘውን ነው። ሌላው ከካርቡሬተሩ ግርጌ ገብቷል፣ ስፕሪንግ አለው፣ ጫፉ ሹል ነው፤ የሚኒሞን የነዳጅና የአየር ድብልቅ የሚመጥነው እሱ ነው። ሞተሩን አጥፍተህ እስኪነካ ድረስ ቀስ ብለህ አስገባው፣ አደራ አታጥብቀው፣ ሹሉ ከተጎዳ በኋላ በደንብ አይስተካከልም። ከዚያ 1 ዙር ተኩል መልሰው፣ ለብዙዎቹ ጥሩ መነሻ ነው። አስነሳና ሩብ ሩብ ዙር እያልክ ዙሩ ከፍ፣ ድምፁ ለስለስ የሚልበትን ቦታ ፈልግ። ዙሩ ሲጨምር በመጀመሪያው ብሎን አውርደው፣ ደግሞ ወደ ሁለተኛው ተመለስ። የመኪናዋ መጽሐፍ ሌላ ካላለህ 800 አካባቢ ላይ ተዋት። ማርሹ ዜሮ፣ የእጅ ፍሬኑ የተያዘ ይሁን። ደግሞ ውጭ ሥራ እንጂ በተዘጋ ቤት አይሞከርም፣ ጭሱ ይገድላል።

ጸጥ_ያለ_ሞተር፦
አየር እየሳበች እንዳይሆንም እይ። ወደ ፍሬን ሰርቮ (ፍሬኑን የሚያቀለው) የሚሄደውን ቱቦ ለአፍታ ጭምቅ አድርገው። ድምፁ ከተለወጠ ችግሩ እዚያ ነው። ካልሆነ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለውን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ጠርጥር።

ባለአሮጌዋ፦
ቱቦው ደህና ነው። ጋሼ፣ እንዳሉት አደረግኩ፣ ግን ጉድ አየሁ። ሁለተኛውን ብሎን ጭራሽ ብዘጋውም ሞተሩ ምንም አልመሰለውም!

ጋሽ ፑንቲና፦
እሱ ነው እንግዲህ የምንፈልገው ምልክት። ሲዘጋ መንገዳገድ ነበረበት። ካልተንገዳገደ በሚኒሞው መንገድ ነዳጅ አይመጣም ማለት ነው፣ ክዳኑን ብዙ ስለከፈትከው በሌላ ቀዳዳ እየጠባች ነው ቆማ የምትሠራው። ለዚህ ነው መሃሉን ያጣኸው፣ መሃል የለውማ።

ካቻቢቴ፦
ካርቡሬተሩ ላይ ሽቦ የሚሰካበት ጣት የምታህል ነገር አለች? ሶሌኖይድ ናት፣ የሚኒሞውን ነዳጅ በኤሌክትሪክ የምትከፍትና የምትዘጋ። ሳታስነሳ ቁልፉን ብቻ ስትከፍት ቀጭ ማለት አለባት። ቀጭ ካለች የሚኒሞው ቀዳዳ ተደፍኗል ማለት ነው፣ በአየር ንፋው፣ በሽቦ እንዳትጎረጉረው ብቻ፣ ከሰፋ አለቀ።

ባለአሮጌዋ፦
ቀጭ አላለችም! ሽቦው ወልቆ ከአየር ፊልትሮው ሥር ተወሽቋል። ባለፈው ፊልትሮ ስቀይር የነቀልኩት እኔው ሳልሆን አልቀርም፣ ያሳፍራል። ሰካሁት፣ ቀጭ አለች። ከዚያ እንደ ጋሼ ምክር ሁለቱን ብሎን እያፈራረቅኩ 820 ላይ አቆምኳት፣ ቁልፉን ሳጠፋም ወዲያው ዝም። እግዜር ይስጥልኝ።

ጋሽ ፑንቲና፦
820 ያልከው ፊልትሮው ተገጥሞ ነው ወይስ ተከፍቶ?

ባለአሮጌዋ፦
ተከፍቶ...

ጋሽ ፑንቲና፦
ፊልትሮው ሲገባ የአየሩ መጠን ይለወጣል፣ ግጠመውና እንደገና እያት። ሽቦውን ደግሞ እንዳትነቅለው።